የኢፍራህ ሦስተኛ ፈተና እና የእኔ ስምንት ነጥብ

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት፣ ጅቡቲ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር ካለው የሐኪሞች መዝገብ ቢሮ አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። የሙያ ፈቃዴን ለማሳደስ ከሚጠበቅብኝ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ ስምንት እንደሚጎድለኝ፣ በሦስት ወር ውስጥ ካላሟላሁ ስሜ ከቀዶ ሐኪሞች መዝገብ እንደሚሰረዝ በጣም ትሑት በሆነ ፈረንሳይኛ ይገልጻል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚህች ከተማ ምላጭ ከሚይዙት ሐኪሞች አብዛኞቹ ነጥባቸውን የሰበሰቡት እኔ ባስተማርኩበት ክፍል ተቀምጠው ነው። ደንቡ ግን ነጥብ የሚሰጠው ለሚማር እንጂ በመደበኛ ሥራው ለሚያስተምር አይደለም። ደንቡ ሲረቀቅ አስተያየት እንድንሰጥ ተጠርተን ነበር። እኔም ከተጠሩት አንዷ ነበርኩ፤ ተቀምጬ ሰምቼ ወጣሁ። ስለዚህ የምከሰው ሰው የለኝም።

ጡረተኛ ፈቃድ ምን ያደርግለታል የሚል ይኖራል። ባልባላ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን እንድረዳት ጠይቃኝ ነበር፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ እባጭ መክፈት እንኳ አይፈቀድም። ይህ ለሰው የምሰጠው ምክንያት ነው። ትክክለኛው ምክንያት ሥራዬን በራሴ እጅ ማቆም እንጂ በደብዳቤ መነጠቅ አለመፈለጌ ነው።

ጅቡቲ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ኮንትራት ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት ቆየሁ። የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። ሕመምተኞቻችን የወደብ ጫኝና አውራጆች፣ ከአዲስ አበባ ጭነት ይዘው የሚወርዱ ሾፌሮች፣ በየሰው ቤት ተቀጥረው የሚኖሩ ያገሬ ሴቶች ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሕመምተኛ ዘመዶች ኢትዮጵያዊት ሴት ኮሪደር ላይ ሲያዩ የቆሸሸ ብርጭቆ ይሰጡኝ ነበር። ተቀብዬ መታጠቢያው ላይ አስቀምጥና፣ ተመልሼ ገብቼ ነገ ሆዳቸውን የምከፍት ሐኪም መሆኔን እነግራቸው ነበር። የሚያፍሩ ነበሩ፤ ሌላ ሐኪም የሚጠይቁም ነበሩ። አለቆቼን በተመለከተ፣ የመጨረሻው አለቃዬ ዶክተር መሐሙድ የመጀመሪያውን የብሽሽት ቡአ የሠራው እጁን በእጄ ይዤለት ነው። ወንበሩን ለእሱ ሲሰጡት እኔ የውጭ አገር ሰው መሆኔ ተነገረኝ። ስለ ደመወዝ የምለው የለኝም፤ በወቅቱ ይከፈል ነበር።

ኢፍራህ ወደ ቤቴ የመጣችው ደብዳቤው በደረሰኝ በማግስቱ ነው። አርሂባ ሰፈር ጫፍ ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቴ ከዚያ በፊት መጥታ አታውቅም፤ ሰው አልጋብዝም። በሆስፒታሉ ስድስት ዓመት የሠራች፣ የሚኒባስ ሾፌር ልጅ፣ ካየኋቸው ወጣት ሐኪሞች ሁሉ የተሻለ እጅ ያላት ልጅ ናት። ስትሰፋ ክሩ ሥጋውን የሚነካው አይመስልም። በዚህ እጅ ግን ብቻዋን መሥራት አይፈቀድላትም ነበር፤ የቃል ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቃለች። ፈተናው የሚፈቀደው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ሦስተኛውን የወደቀ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሐኪም ረዳት ሆኖ ይኖራል።

«ለሦስተኛው ተመዝግቤያለሁ፣ ዶክተር» አለችኝ። «ሁለት ወር ተኩል ቀርቶታል።»

«ሁለቱን ለምን ወደቅሽ?»

«አላውቅም። የጠየቁኝን ሁሉ አውቀው ነበር።»

«የሚወድቅ ሁሉ እንዲህ ይላል» አልኳትና ወንበር አሳየኋት።

ለማያውቀው አንባቢ ፈተናውን ልግለጽ። በየዓመቱ በሌላ አገር ከተማ ይካሄዳል። ተፈታኙ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይዞራል፤ በየጠረጴዛው ሁለት ፈታኞችና አንድ ደወል አሉ። ፈታኙ ስለ አንድ ሕመምተኛ ይነግርሻል፤ ምን እንደምታደርጊ ትመልሻለሽ፤ እሱ ያንን ይዞ ነገሩን ያወሳስበዋል። ልክ ነሽ ወይም ተሳስተሻል የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። ወረቀት የለም፣ መጽሐፍ የለም። «እንደ ሁኔታው» የሚል መልስ ዜሮ ነው። «እንዲህ ይደረጋል» ሳይሆን «እንዲህ አደርጋለሁ» ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚፈተነው ዕውቀት አይደለም። ዕውቀት በጽሑፍ አስቀድሞ ተፈትኗል። እዚያ ጠረጴዛ ላይ የሚመዘነው ይህን ሰው ብቻውን ከሕመምተኛ ጋር መተው ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ነው።

እኔ ራሴ ይህን ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ አልፌያለሁ። ለፈተናው ያዘጋጁኝ ዶክተር ዋይስ ናቸው። በዚያን ጊዜ የሆስፒታላችን የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነበሩ፤ ፈረንሳይ ተምረው የተመለሱ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ የጅቡቲ ሰው። ሕመምተኛው ከመደንዘዙ በፊት ሁለቱንም እግሮቹን በባዶ እጃቸው ይጨብጡ ነበር። የደም ዝውውር መዳከሙን የቀዘቀዘ እግር ከመሣሪያው ቀድሞ ይናገራል ይሉ ነበር፤ ሁለት ጊዜ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። የሚያስተምሩኝ ደግሞ እጃችንን ስንታጠብ ነበር። ቀዶ ሐኪም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከጣት ጫፍ እስከ ክርን ለበርካታ ደቂቃ ይታጠባል። ውሃው መውረድ ሲጀምር ጥያቄያቸው ይጀምራል። መልሴ ሲሳሳት ተሳስተሻል አይሉም፤ እንደገና ከጣት ጫፍ መታጠብ ይጀምራሉ፤ እኔም አብሬ እንደገና እጀምራለሁ። አንድ ቀን አራት ጊዜ ታጠብን። መሣሪያ የምታቀብለው ነርስ መዲና በሩ ላይ ቆማ፣ ሕመምተኛው ሳይነቃ የእናንተ ቆዳ ያልቃል አለች። ዶክተር ዋይስ ሳይስቁ «ቆዳ ይተካል» አሉና አምስተኛውን ጀመሩ።

ሦስተኛ ልማዳቸው ከሁሉ የሚበልጠው ነበር። ማንኛውንም ነገር ከመቁረጣቸው በፊት እጃቸውን ያቆማሉ፤ ሊቆረጥ ያለውን ነገር በስሙ ይጠሩታል፤ ዓይናቸውን ከቁስሉ አንሥተው በዙሪያው ያለነውን ያዩና «የሚቃወም አለ?» ይላሉ። አብሬአቸው በሠራሁባቸው ዓመታት ሁሉ የተቃወመ አልነበረም። ጥያቄው የጸሎት መዝጊያ ሆኖ ነበር፤ ሁላችንም በልባችን አሜን እንል ነበር።

ወደ ኢፍራህ ልመለስ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ በኋላ ትመጣ ጀመር። እኔ ፈታኝ ሆኜ ከጠረጴዛው ወዲያ እቀመጣለሁ፤ የወጥ ቤቴ ሰዓት ደወሉ ነው። በመጀመሪያው ቀን የሰጠኋት ጉዳይ ይህ ነበር፦ የአርባ ዓመት ሾፌር፣ በዲኪል መንገድ ላይ መኪናው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ መሪው ሆዱን መታው፤ ሆስፒታል እንደ ደረሰ ደህና ይመስላል።

ቅደም ተከተሏ እንከን አልነበረውም። አተነፋፈሱን፣ ደሙን፣ ሆዱን በየተራቸው አየች፤ አላስፈላጊ ምርመራ አላዘዘችም፤ ደህና ቢመስልም እየደጋገመች ልትመረምረው ወሰነች። እኔም በጉዳዩ ውስጥ ስድስት ሰዓት አሳለፍኩላት። የልብ ምቱ መቶ ሃያ ደርሷል፤ ሆዱ ሲነካ እንደ እንጨት ይጠነክራል አልኳት።

«አንጀቱ ተበስቷል ብዬ እጠረጥራለሁ» አለች። «ሆዱን እከፍታለሁ።»

ትክክል ነበረች። ፈታኞች እዚህ ጋ የሚያደርጉትን ስለማውቅ ፊቴን አለሰለስኩ፤ ድምፄንም የአባት ድምፅ አደረግሁት።

«ልጄ፣ ማስታገሻ ሰጥተነው ተሻለኝ እያለ ነው። እኔ እንዲህ ያለውን ብዙ አይቻለሁ። እስከ ጠዋት ብናቆየው አይሻልም?»

ዓይኗ ወደ ጠረጴዛው ወረደ። ከዚያ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች አንድ ጊዜ እንኳ አልወረደም ነበር።

«እንዳሉት ይሁን… እስከ ጠዋት በቅርብ እየተከታተልኩ ላቆየው እችላለሁ።»

ሰዓቱ ጮኸ። «ገደልሽው» አልኳት።

«እርስዎ ነዎት እኮ እንዲቆይ ያሉት።»

«እኔ ፈታኝ ነኝ።»

«ፈታኝም ታላቅ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ሰማሁ። «በቤታችን አባቴ ሲናገር የሳህን ድምፅ አይሰማም። ሽማግሌ እንዲህ ይሻላል ሲለኝ አይሻልም የሚለው ቃል ከየት ይመጣል?»

ሁለቱን ጊዜ የወደቀችበትን ምክንያት በሃያ ደቂቃ አገኘሁት። ከእጅዋም ከዕውቀቷም አልነበረም። ፈታኙ በትሕትና የዘረጋላትን የተሳሳተ ምክር በትሕትና ተቀብላው ነው የወደቀችው። በአስተዳደጓ ያ ስሕተት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። የእኛም አገር ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ምክንያቱን ማግኘትና ማዳን ግን አንድ አይደሉም። አንድ ወር ሙሉ መቃወም አለማመድኳት። የተሳሳተ ምክር እሰጣታለሁ፤ «አይሆንም» ማለት አለባት። በሁለተኛው ሳምንት ቃሉ አፏን ለመደ። በአራተኛው ሳምንት ግን ፈታኝ ሆኜ፣ ከመክፈታችን በፊት መድኃኒት ብንጀምርለትስ የሚል ትክክለኛ ምክር ስሰጣት ዓይኗን ሳታንቀሳቅስ «አይሆንም» አለችኝ።

«ለምን አይሆንም?»

«የሚጠበቅብኝ መስሎኝ ነው» አለች።

ያን ዕለት ከሄደች በኋላ ጠረጴዛው ላይ ቆየሁ። ያስተማርኳት ቃል ነበር። ታላቅን የሚቃወም ሰው ከቃሉ በፊት የሚይዘው ሌላ ነገር አለ፤ እሱን ላስተምራት አልቻልኩም፤ ምክንያቱም አስፈላጊ በነበረበት ቀን እኔ ራሴ አልነበረኝም። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ በቅደም ተከተል ልናገረው።

የቃል ፈተናዬን ባለፍኩ በዓመቱ ነው። ወርቅነሽ የምትባል፣ ከደሴ ገጠር የመጣች፣ በአንድ ነጋዴ ቤት የምትሠራ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት በሐሞት ጠጠር ተሠቃይታ ወደ እኛ መጣች። የነጋዴው ቤተሰብ ሥራዋን ትታ እንድትተኛ የፈቀደላት በጣም ዘግይቶ ነበር። ሆዷን ስንከፍት የሐሞት ከረጢቷ አብጦ ከጎኑ ካለው ነገር ሁሉ ጋር ተጣብቋል። ምላጩና መቀሱ በእኔ እጅ ነበሩ፤ ዶክተር ዋይስ ረዳቴ ሆነው ከፊቴ ቆመዋል። ከዚያ ሁሉ የተጣበቀ ሥጋ ውስጥ በጣታቸው አንድ ቱቦ ነጥለው አወጡልኝ።

«ይህ ወደ ከረጢቱ የሚሄደው ቱቦ ነው» አሉ። ዓይናቸውን አነሡ። «የሚቃወም አለ?»

እኔ አየሁት። ወደ ከረጢቱ ለሚሄድ ቱቦ በጣም ሰፊ ነበር። ከከረጢቱ አንገት የሚነሣም አልመሰለኝም፤ ከኋላው አልፎ ወደ ጉበት የሚወጣ መሰለኝ። ያ ከሆነ ደግሞ ጉበት ሐሞቱን ሁሉ የሚያወርድበት ዋናው ቱቦ ነው፤ የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ይህን ለማየት የወሰደብኝ ጊዜ አንድ ትንፋሽ ነው። በዚያች ትንፋሽ ውስጥ እሳቸው አስተማሪዬ መሆናቸውን፣ ከእኔ ይልቅ በእጥፍ ብዙ ሐሞት መሥራታቸውን፣ እኔን ሰው ብለው የተቀበሉ የመጀመሪያው አለቃ መሆናቸውን አሰብኩ። በፈተናው ቀን የማላውቀውን ሽበታም ፈታኝ ሳላቅማማ ተቃውሜዋለሁ። ባዕድን መቃወም ቀላል ነው።

ዝም ብዬ ቆረጥኩ።

በሦስተኛው ቀን የወርቅነሽ ዓይን ቢጫ ሆነ። እንደገና ተከፈተች፤ ዋናው ቱቦ ነበር። እኛ ልንሠራው የማንችለው ስለነበረ አዲስ አበባ ተላከች፤ እዚያ ሠሩላት፤ ዳነች። ግን አንድ ዓመቷን፣ ሥራዋን፣ ለእናቷ ትልከው የነበረውን ሁሉ አጣች። ከመሄዷ በፊት አልጋዋ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ እጄን ይዛ «ባገሬ ሰው እጅ በመውደቄ ዕድለኛ ነኝ፣ እትዬ» አለችኝ። ከወራት በኋላ አንድ ሾፌር አንድ ኪሎ ሽሮ አመጣልኝ፤ እሷ ልካው ነው። አልበላሁትም፤ አልጣልኩትምም። ነቀዝ ሲያገኘው ዕቃውን አጠብኩ።

ዶክተር ዋይስ በማለዳው ስብሰባ ተነሥተው ስሕተቱ የእሳቸው ብቻ መሆኑን ተናገሩ። በሳምንቱ መታጠቢያው ላይ ጎን ለጎን ቆመን ሳለ፣ ሳያዩኝ፣ ያን ቀን የተለየ ነገር አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

«አላየሁም» አልኳቸው።

መታጠባቸውን ጨርሰው ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ እጃችንን ስንታጠብ ምንም አልጠየቁኝም፤ የውሃው ድምፅ ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጡ፤ ብዙ ሳይቆዩም ሞቱ። እውነቱን አልነገርኳቸውም።

የጎደሉኝ ስምንት ነጥቦች የገቡት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሙሉ ጉዳይ አዘጋጅቶ በውይይት ያቀረበ ስድስት ነጥብ ያገኛል፤ ሌሎች በሚያቀርቡበት ሁለት ጊዜ መገኘት ሁለቱን ይሞላል። እንደ ተማሪ በኋለኛው ረድፍ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። የትምህርት ሰዓቱ ዘወትር ረቡዕ ከቀትር በኋላ ነበር። በዚያ ሰዓት ጫቱ ደርሶ ከተማው በየመቀመጫው ስለሚሰየም፣ የመገኘት ማረጋገጫ ወረቀቱ ጠዋት በየክፍሉ ዞሮ ተፈርሞ ያልቃል፤ ከቀትር በኋላ ግን አዳራሹ ውስጥ የሚገኙት ተናጋሪውና ሦስት ተማሪዎች ናቸው። በሥራ ዘመኔ ለቀረ ሰው አላስፈርምም በማለቴ የተጠላሁ ነበርኩ። አሁን ግን የምናገረው እንዲሰማ ስለፈለግሁ ዶክተር መሐሙድን ሰዓቱን ወደ ማለዳ እንዲያዞርልኝ ጠየቅሁት፤ ርዕሱም የወርቅነሽ ጉዳይ መሆኑን ነገርኩት።

«ዶክተር፣ ይህ ሃያ ዓመት ያለፈው ነገር ነው» አለኝ። በእውነት የተጨነቀልኝ መሰለኝ። «ለነጥቡ ከሆነ ሌላ ቀላል ርዕስ ይገኛል።»

«ለነጥቡ ነው» አልኩት።

ማለዳ ስለነበረ አዳራሹ ሞላ። ኢፍራህ ከመሐል ረድፍ ተቀምጣለች። መዲናም መጥታለች፤ አሁን አርጅታ የመሣሪያ ክፍሉን ታስተዳድራለች። ጉዳዩን እንደ ማንኛውም ጉዳይ አቀረብኩት፦ ዕድሜ፣ የሕመም ታሪክ፣ የተገኘው፣ የተደረገው። የቱቦውን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ሠራሁ። ከዚያም ማየቴን፣ ዝም ማለቴን፣ ስጠየቅም መዋሸቴን ተናገርኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ እንዲንቀጠቀጥ የጠበቁ ሰዎች ቅር እንዳላቸው አውቃለሁ።

ከዚያ መዲና ከወንበሯ ሳትነሣ ተናገረች።

«እኔም አይቼዋለሁ።»

ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«መቀሱን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሰፋ ብሎ ታየኝ። ሁለት ሐኪም ቆሞ እኔ ነርሷ ምን ልበል ብዬ ተውኩት።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አንቺስ ለማን ነገርሽ?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ደንግጦም አቆመ። መዲና ግን ራሷ መሳቅ ጀመረች፤ ሳላስበው እኔም ሳቅሁ። በዚያ አዳራሽ ስስቅ ያየኝ ሰው ከዚያ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ያን ጊዜ ኢፍራህ እጇን አነሣች። በስድስት ዓመት ውስጥ በስብሰባ ላይ ጥያቄ ስታቀርብ ሰምቼ አላውቅም።

«ያን ቀን ቢቃወሙ ኖሮ ዶክተር ዋይስ ምን ያደርጉ ነበር?»

ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም ነበር። ቁጣቸውን ላስብ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም። የመጣልኝ አጎንብሰው ቱቦውን በጣታቸው ጫፍ እንደገና ሲከተሉት ነው።

«ይመለከቱት ነበር» አልኳት። «ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።»

በሚቀጥለው ልምምዳችን ያንኑ የዲኪል ሾፌር ሰጠኋት። በዚያው ቦታ ፊቴን አለሰለስኩ፤ ልጄ አልኳት፤ እስከ ጠዋት እናቆየው አልኳት። ዓይኗ እንደ ድሮው ወደ ጠረጴዛው ሊወርድ ሲል ቆመ።

«ልምድዎን አከብራለሁ» አለች። «እስቲ ከመወሰናችን በፊት ሆዱን አብረን እንንካው። ማስታገሻው ሕመሙን ይደብቃል፤ የልብ ምቱን ግን አልደበቀውም። አልጠብቅም፤ እከፍተዋለሁ።»

ይህን እኔ አላስተማርኳትም። እኔ ያስተማርኳት «አይሆንም» ነበር። እሷ ጨዋነቷን ሳትጥል የምትቃወምበትን መንገድ በራሷ አገኘች፦ ታላቁን አታዋርደውም፤ ከእሷ ጋር ዳግመኛ እንዲያይ ትጋብዘዋለች። ቀጥሎ ትክክለኛ ምክር ሰጠኋት፤ አመስግና ተቀበለችው። ሰዓቱ ሳይጮህ አጠፋሁት።

ፈተናውን በሌላ አገር ተቀመጠች። ውጤቱ በሚነገርበት ቀን ስልኬን ከጎኔ አስቀምጬ የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬን ሰረዝኩ፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም። ስትደውል የመጀመሪያ ቃሏ «የፈራኋቸው ሽማግሌ ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ነበሩ» የሚል ነበር። ነጭ ጢም ያላቸው፣ አባቷን የሚመስሉ፣ ለስላሳ ድምፅ ያላቸው ሰው ጉበቱ የሚደማ ሕመምተኛ ሰጥተዋታል። እሷ ጉበቱን በጨርቅ ጠቅጥቃ ቀዶ ሕክምናውን ለዚያ ቀን ልታቆም ስትወስን እሳቸው፣ እዚህ ድረስ ከደረሽ እንግዲህ መስፋቱን ብትጨርሺው ምን አለበት አሏት።

«ምን አልሻቸው?»

«የሰውነቱን ሙቀት አብረን እንድናይ ለመንኳቸው። ሰውየው ቀዝቅዟል፤ ደሙም አይረጋም፤ ዛሬ ብሰፋው ይሞታል፤ ነገ ተመልሼ እከፍተዋለሁ አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ። ደግሜ እንቢ አልኩ።»

«አለፍሽ ወይስ አላለፍሽም?»

«አለፍኩ።»

ጥሩ ነው አልኳትና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚህ የበለጠ መናገር ነበረብኝ፤ ይህን አውቃለሁ።

ፈቃዴም ታደሰ። ባልባላ ክሊኒክ መሥራት ጀመርኩ። በሁለተኛው ወር ኢፍራህ አንድ የእንቅርት ቀዶ ሕክምና እንዳለባት፣ ረዳት እንዳጣች፣ ብመጣላት ደስ እንደሚላት ነገረችኝ። ረዳት እንዳላጣች አውቅ ነበር፤ ሄድኩ። ሕመምተኛዋ መንገድ ዳር ጫት የምትሸጥ፣ ደንበኛዋን ከሩቅ በድምፅዋ የምትጠራ ሴት ናት። ከእንቅርቱ ጀርባ ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ያልፋል፤ ክር ከሚያክለው ከዚያ ነርቭ ጋር የሚመሳሰሉ ትንንሽ የደም ሥሮችም ብዙ ናቸው። ነርቩ ከተቆረጠ ያቺ ሴት ለዘላለም በሹክሹክታ ትሸጣለች።

እኔ ሥጋውን በመሳቢያ መሣሪያ ገልጬ ይዤላታለሁ። አንድ ነጭ ክር መሰል ነገር ብቅ አለ። በሺህ የሚቆጠር አንገት አይቻለሁ፤ አላመነታሁም።

«የደም ሥር ነው» አልኳት። «እሰሪውና ቁረጪው።»

እጇ ቆመ። ዓይኗ ከቁስሉ አልተነሣም።

«አይመስለኝም፣ ዶክተር» አለች። «ትንሽ ወደ እርስዎ ይሳቡልኝ።»

ሳብኩላት። በጥጥ ጫፍ ቀስ እያለች ሽፋኑን ገፈፈች፤ ነጩ ክር ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ጉሮሮው ሲገባ ሁለታችንም አየነው። ነርቩ ነበር። ስለ ነገሩ አንድም ቃል ሳትናገር ከጎኑ ያለውን ሥር አሰረች።

በማግስቱ ጠዋት የሆስፒታሉን ደረጃ ስወጣ የሕመምተኛዋ ድምፅ ከሦስተኛው ፎቅ ይሰማ ነበር። የቁርሱ ሻይ ቀዝቅዞ ነው የመጣልኝ እያለች ከአስታማሚዋ ጋር ትጣላለች።